ሚዛን የለካው ቀለበት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ለቃሚስ ዕድለኛ ነው፤ ያፈሰሰው መሬት ላይ ይጠብቀዋል። ዕድሜ ልኩን ቸኩሎ የማያውቅ ሰው አንዲት ቀን ቢቸኩልና ያፈሰሰው የማይለቀም ቢሆንበትስ? ሚዛን የደረሰበት ይኸው ነው።

ሚዛን እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ልጆች ሳሉ እናታቸው ዳቦ ቆርሳ ስትሰጣቸው፣ እሱ ሁለቱን ቁራሽ በግራና በቀኝ መዳፉ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የትኛው እንደሚከብድ ሳያጣራ አንዱንም አይጎርስም ነበር። እህቲቱ አጠገቡ ትቁነጠነጣለች። "አንተ ሚዛን፣ ፍረድና እንብላ እንጂ፤ ሊሻግት ነው እኮ!" ትለዋለች። ስሙ በዚያው ጸና። አድጎም ሥራው መመዘን ሆነ፤ ያውም ዓይን የማያየውን ነገር። አንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ውስጥ፣ ከክፍል ክፍል በሚያልፍ የብረት ቱቦ፣ በቁጥር የሚታወቁ አተሞች የተሰባሰቡባቸውን ደቃቅ ቡድኖች እያበረረ ቀላሉን ከከባዱ ይለያል። ጠዋት ሲገባ የቱቦውን ብሎን ሁሉ አንድ በአንድ በእጁ እየዳሰሰ ነው ቀኑን የሚጀምረው። ባልደረቦቹ "ላሟን ሊያልብ ገባ" ይሉታል። እሱ አይከፋውም።

ይህን ሙያ የመረጠው በእህቱ ምክንያት ነው። እትዬ ይላታል፤ እኛም እንደሱ እትዬ እንበላት። እትዬ የስሌት ሰው ነበረች። ጉልበቷን ሁሉ የጨረሰችው ቦሮን በሚባል ነገር ላይ ነው። ቦሮን፣ በእሷ አነጋገር፣ ድሃ ነው። ሌሎች አተሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ በየሁለቱ መካከል አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ያኖሩና በዚያ ይተሳሰራሉ። ቦሮን ያለው ኤሌክትሮን ለዚህ አይዳረስም። ስለዚህ አንዱን ጥንድ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለመላው ቤተሰብ ይካፈሉታል፤ ብዙ ልጆች በአንድ ብርድ ልብስ እንደሚተኙት ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው የእትዬ ነገር የሚመጣው። ብርድ ልብሱ የማንም ካልሆነ፣ ልጆቹ ቢገላበጡም የሚበጠስ ነገር የለም።

አንድ ቀን ይህን ለሚዛን ልታስረዳው ከቆርቆሮ ውስጥ የልብስ ቁልፎች ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈች። አንዱን መሀል አደረገች፤ አምስቱን በዙሪያው፤ ከእነሱ ውጭ ደግሞ አሥራ ሦስት ደረደረች። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። በሌባ ጣቷ ውስጠኞቹን ገፋ ስታደርጋቸው፣ የውጪዎቹ ሳይነቃነቁ ውስጠኞቹ ዞሩ።

"ስሌቴ የሚለው ይሄንን ነው። ውስጠኛው ቀለበት ይዞራል" አለችው።

"ማን አየው?"

"ማንም። አንተ ታየዋለሃ!"

ቀልድ አልነበረም። ትልልቅ ሰዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ይህንኑ ስታቀርብ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ "እመቤቴ፣ የሚያወሩት ስለ አተም ነው ወይስ ስለ ወፍጮ?" ብሎ አዳራሹን አስቆባታል። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ? ከአዳራሹ ስትወጣ ግን ለወንድሟ "እስኪለካ ድረስ ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም" አለችው። አልከፈተችም። እሱ እስኪማር፣ እስኪቀጠር፣ ቱቦው ተገጣጥሞ እስኪያልቅ ዝም ብላ ጠበቀችው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ለኔ ቢሰጠኝ ምን ባላደረግኩበት!

ከዚያ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ሁላችንም የምንረሳውን፤ መነጽር፣ የበር መክፈቻ፣ የሰው ስም። ቀጥሎ የልብስ ካውያውን ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው። አንድ ልጅ አለቻት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ የስፌት መኪናዋ የሳሎኑን ግማሽ ይዟል፣ ምላሷ ደግሞ የቀረውን ግማሽ። ልጅቷ ፍሪጁን ከፍታ "እማዬ፣ ካውያው ሞቆት ነው?" ብላ ልትቀልድ ሞከረች። እናትየዋ አልሳቀችም። ለምን እዚያ እንዳስቀመጠችው ቆማ ታስብ ነበር። ልጅቷም ፊቷን አዙራ መኪናዋን መርገጥ ጀመረች፤ ከሥሩ ጨርቅ አልነበረም።

ሐኪሟ ሚዛንን ኮሪደር ላይ ይዛ "የድሮው ለጊዜው ይቆያል። አዲስ ነገር መያዝ ግን እየከበዳት ይሄዳል። ሊነግሯት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይንገሯት" አለችው።

ሚዛንን ያበላሸችው ይህች "አሁን" የምትባለው ቃል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሮን ከመሬት ሲወጣ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተቀላቅሎ ነው፤ የአንዱ ክብደት አሥር፣ የሌላው አሥራ አንድ። አሥራ ዘጠኙ ሲሰባሰቡ ስንቱ ባለ አሥር፣ ስንቱ ባለ አሥራ አንድ እንደሆነ ስለማይታወቅ ክብደታቸው አንድ ቦታ አይውልም፤ ይበተናል። በዚያ ግርግር መሀል ባዕድ ቢገባ መለያ የለውም። መድኃኒቱ አስቀድሞ የተለየ፣ ባለ አሥሩ ብቻ የሆነ ቦሮን ማስመጣት ነው። ሚዛን ካዘዘ ቆይቷል። ዕቃው ግን አንዴ ላኪው ጋ፣ አንዴ ጉምሩክ፣ አንዴ ፈርሙልኝ ብሎ የሚዞር ሰው እጅ እየተቀመጠ አልደርስ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሚዛን ሰማይ ቢደፋ ይጠብቃል። አሁን ግን በየሳምንቱ እህቱ ቤት ሲሄድ ባለፈው የነገራትን እንደ አዲስ እየጠየቀችው፣ በምን አንጀቱ ይጠብቅ?

ያልተለየውን ዱቄት አወጣ። ዱቄቱ እንደ ሳንቲም ያለ ክብ እንዲሆን ግራፋይት ፎርማ ውስጥ ተደርጎ በግለት ይጨፈለቃል። ሁልጊዜ ሚዛን ዱቄቱ ግራፋይቱን እንዳይነካው ፎርማውን በስስ የብረት ወረቀት ያለብሰዋል። ወረቀቱን ልክ አድርጎ መቁረጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ትንሽ ከተጨማደደ ይጥለውና እንደገና ይቆርጣል። ያን ቀን አላለበሰውም። "ለአንድ ጊዜ ምንም አይል" አለ። ግራፋይት ማለት ደግሞ ካርቦን ነው፣ ሌላ አይደለም።

ሌዘሩ ክቡን ሲመታው ቦሮኑ ተነነ፤ ቀዝቃዛ የሂልየም ጋዝ ተቀበለው፤ አተሞቹ በየቡድናቸው ተሰባስበው በቱቦው በረሩ። ሚዛን የአሥራ ዘጠኞቹን ቡድን ለይቶ ብርሃን ለቀቀባቸው። ውስጠኛው ቀለበት የሚዞር ከሆነ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የተድበሰበሰ ጉብታ ነው። የቆመ ከሆነ እንደ መርፌ የሾለ መስመር ይወጣል።

መርፌ ወጣ። ደገመው፤ አሁንም መርፌ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ኮቱን ለበሰና ወደ እህቱ ቤት ሄደ።

ጥሩ ቀኗ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለልጇ ከተፈታ ስፌት ክር እየጎለጎለች ነበር።

"እትዬ፣ ለካሁት።"

ጨርቁን ከጉልበቷ ላይ አነሣች። "እና? ተናገራ!"

"አይዞርም።"

ልጅቷ መኪናዋን አቆመች። እትዬ ግን ፊቷ አልተለወጠም፤ ገና የስሌት ሰው ነበረች። "ቦሮኑን እንዴት አዘጋጀኸው?" አለችው።

"እንደ ሁልጊዜው።"

ሊዋሽ አስቦ አይደለም። ስሌቱ የፈረሰባት እህቱን እያየ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። እንደ ሁልጊዜው! ምነው ያን ጊዜ ምላሱ በተሳሰረ!

"እንግዲያው የተሳሳትኩት እኔ ነኛ" አለች እትዬ። "ሚዛን ከለካው ተለካ ማለት ነው። ይሁን፤ ሳያውቁ ከመኖር ማወቅ ይሻላል።" ቀጥላ ድምፅዋ ወረደ። "እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ይሄን ብረሳውስ? ነገ ተነሥቼ ሰው ፊት ይዞራል፣ ይዞራል እያልኩ ብለፈልፍስ? ስህተቴን ካወቅሁ በኋላ መልሼ እውነት ነው ብዬ ከማወራ ሞት ይሻለኛል።"

ስለዚህ ተማሪ ሆነች። በየማለዳው ቆርቆሮዋን ትዘረግፍና አሥራ ዘጠኙን ቁልፍ ትደረድራለች። ግራ መዳፏን ውስጠኞቹ ላይ ትጫናለች። በቀኝ ጣቷ ትገፋቸዋለች፤ አይንቀሳቀሱም። ጮክ ብላ "አይዞርም። ሚዛን ለክቶታል" ትላለች። ልጅቷ ለአጎቷ ስልክ ደውላ "አጎቴ፣ እማዬ የማባዛት ሠንጠረዥ ነው የያዘችው የሚመስለው፤ እኔም በእንቅልፌ ልለው ነው" ትለዋለች። ሌላው ነገር ሁሉ ከእትዬ አእምሮ እየተንጠባጠበ ሲሄድ ይህ አንዱ ብቻ ጸንቶ ቀረ። በራሷ እጅ የመታችው ሚስማር ነውና።

ወራት አልፈው ሳጥኑ መጣ። የተለየው ቦሮን፣ ባለ አሥሩ ብቻ። ሚዛን ተስፋ አድርጎ አልነበረም የከፈተው፤ የጀመረውን ሳይጨርስ ማደር ስለማይችል ነው። የብረት ወረቀቱን ልክ አድርጎ ቆረጠ፣ ፎርማውን አለበሰ፣ ክቡን አወጣ፣ ሌዘሩን ለኮሰ። የአሥራ ዘጠኞቹ ክብደት አሁን አንድ ቦታ ብቻ ዋለ። ብርሃን ለቀቀበት።

ጉብታ ወጣ። የተድበሰበሰ፣ ሰፊ፣ ለዓመታት የጠበቁት ጉብታ።

በክብደት ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቡድን ነበረ። ቱቦው አፍ ላይ ከበፊቱ የቀረ ጥላሸት ነበርና፣ ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ቦሮን ወጥቶ በቦታው ካርቦን የገባበት ነው። እሱንም አየው። ያው መርፌ! ያኔ ያየው ቁልጭ ያለ መርፌ። ካርቦን እንደ ቦሮን ድሃ አይደለም፤ የራሱ ድርሻ አለው፣ ከጎረቤቱ ጋር ጥብቅ ብሎ ይታሰራል። አንዱ ብቻ ቢገባ መላውን ቀለበት ቸንክሮ ያስቀምጠዋል። ያን ጊዜ በግርግሩ መሀል ገብቶ፣ ከቦሮኖቹ ይልቅ ጸንቶ፣ ሚዛን ዓይን ውስጥ የቆመው እሱ ኖሯል። ያስገባውም ሚዛን ራሱ ነው፤ ግማሽ ቀን ለማትረፍ ብሎ።

አለቃው ሰምቶ እየሮጠ መጣና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "እንኳን ደስ ያለህ! ይሄ እኮ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ነገር ነው! ምነው፣ ሰው የሞተብህ መሰልክ?"

ሚዛን ቱቦውን ተደግፎ ያለቅስ ነበር።

በዚያው ቀን ሄደ። እግዜር ይስጣትና እትዬ አወቀችው። አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ እጇን ይዞ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ፎርማውን፣ ካርቦኑን፣ መርፌውን፣ ጉብታውን። ዓይኗ ውስጥ የድሮዋ ሴትዮ ብቅ ስትል አየ።

"አንተ! ወረቀቱን ሳታለብስ ጨፈለቅከው?" አለችና ጉንጩን በጥፊ ብጤ ነካችው። "ሞኝ! ካርቦን ከገባማ በምን ይዞራል! ያለ ካርቦን ግን ይዞራላ? አየኸው?"

"አየሁት እትዬ። ይዞራል።"

"ወፍጮ ነው በላቸው!" ብላ ሳቀች። አንገቱን አቅፋ፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ "ወፍጮ ነው በላቸው!" አለች። ሚዛን ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያች ደቂቃ የጣፈጠው ነገር የለም። ልጅቷ ሻይ ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች፤ እሷም ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

ሻዩ ሲመጣ እትዬ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው አዙራ ነበር። ቁልፎቹን አየች። ግራ መዳፏን ውስጠኞቹ ላይ ጫነች። "አይዞርም" አለች፣ ረጋ ብላ። "ሚዛን ለክቶታል።"

ልጅቷ ትሪውን እንደያዘች ቀረች።

ሚዛን ግን እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። በነጋታው ተመለሰ፤ ከዚያም ወዲያ። እሷ ስህተቱን በመደጋገም ከያዘችው እውነቱንም በመደጋገም ትይዘዋለች አለ። አብሯት ቁልፍ ደረደረ፣ አብሯት "ይዞራል፣ ይዞራል" አለ። አልያዘላትም። የፊተኛው ሚስማር የተመታው ግድግዳው ገና ጠንካራ ሳለ ነው፤ አሁን ግድግዳው አሸዋ ሆኗል። መጀመሪያ በነገራት ቁጥር እንደ አዲስ ትደሰት ነበር፤ ለዚያች ደስታ ሲል ብቻ ይመላለስ ነበር ማለት ይቻላል። ቆይቶ ደስታውም ቀረ። "ይዞራል" ሲላት መርበትበት ጀመረች። "እንዴት? ሚዛን አይዞርም ብሏል እኮ። ማንን ልመን? ማንን ልመን እኔ?" እያለች ቁልፎቹን በሁለት እጇ ትሸፍናቸዋለች።

ልጅቷ አንድ ቀን ደጅ ድረስ ሸኘችውና እጁን ያዘችው። "አጎቴ፣ በሞቴ ተዋት። አንተ ነግረሃት ትሄዳለህ። የተናጋችውን እናቴን ይዤ የምቀመጠው እኔ ነኝ።"

"እውነቱን ሳታውቅ ልተዋት?"

"ለማን ነው እውነቱ? ለሷ ነው ላንተ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመርፌ የከፋ ነው። ሚዛን እጁን አላቅቆ ሄደ። ብዙ ቀን ሳይመጣ ቀረ። ጽሑፉ ወጣ፤ በየአገሩ የሙያው ሰዎች አነበቡት፤ በአዳራሽ አስቆባት የነበረው ሽማግሌ ሳይቀር በሕይወት ኖሮ "ወፍጮ የተባለው እውነት ኖሯል" ብሎ ጻፈለት። የእትዬ ቀለበት እንደሚዞር ያላወቀ ሰው አልቀረም፤ ከእትዬ በቀር።

ቁርጡን አውቆም ግን መቅረት አልቻለም። እንደገና ሄደ። ልጅቷ በር ከፍታለት ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። እትዬ መስኮቱ ሥር ነበረች። ቀና ብላ አየችውና ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ። ልብስ ሊያሰፉ ነው? ልጄ ጎበዝ ናት፤ አፏን ብቻ ይታገሷት።"

አላወቀችውም። ሚዛን ጠረጴዛው ማዶ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ልብስ እንኳን አይደለም" አለ። "ስለ ቦሮን ላጫውትዎ ብዬ ነው።"

"ኧረ! እርስዎም የዚህ ሙያ ሰው ነዎት?" ፊቷ ፈካ። "በሉ እስቲ!"

"አሥራ ዘጠኙ ሲሆኑ ውስጠኛው ቀለበት ይዞራል።"

በሐዘኔታ አየችው። ሰው የሞተበትን ገና ያልሰማ ሰው እንዲህ ነው የሚታየው። "አይ ጌታዬ" አለች ቀስ ብላ። "እኔም ድሮ እንደዚያ ብዬ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ለካውና አይዞርም አለ።"

"ወንድምዎ ተሳስቶ ቢሆንስ?"

ከት ብላ ሳቀች። የጥንቷ ሳቅ ናት፣ የዳቦው ዘመን ሳቅ። "ሚዛን? እሱን አያውቁትማ! ቁራሽ ዳቦ እንኳ በእጁ ሳይመዝን አይጎርስም። በረሃብ ነው የገደለኝ! ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ እሱ ግን ቸኩሎ አያውቅም።"

"አንድ ቀን ቸኮለ፣ እትዬ። እኔ ነኝ እኮ። ላንቺ ብዬ ቸኮልኩ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። "አይመስሉም" አለች። "እሱ ልጅ ነው።"

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል። ሚዛን እንባውን ሊጠርግ እጁን ሲያነሣ እትዬ ቀድማ ያዘችው። እጇ ሞቃት ነበር።

"አይዞዎት" አለችው። "ሲሰሙት ያማል፣ አውቃለሁ። እኔም አልቅሻለሁ። ግን ማወቅ ይሻላል፤ ሳያውቁ ሰው ፊት ቢያወሩት ነው የሚያሳፍረው። ይምጡ፣ ላሳይዎት።" ግራ መዳፏን ውስጠኞቹ ቁልፎች ላይ ጫነች። የሱን ሌባ ጣት በቀኝ እጇ ይዛ ከአንዱ ቁልፍ ጎን አስጠጋችው። "ይግፉት።"

ገፋው። መዳፏ ካሰበው በላይ ይከብድ ነበር።

"ዞረ?"

ሚዛን ወደ ልጅቷ ቀና አለ። እሷ ፊቷን በያዘችው ጨርቅ ሸፍናዋለች።

"አልዞረም" አለ።

"ጎበዝ። አሁን እንዳይረሱት ይድገሙት።"

"አይዞርም።"

"ማን ለካው?"

"ሚዛን" አለ። "ሚዛን ለክቶታል።"